ወናፉ እንደገና ይነፋ

(ደሴ ላይ ለብረታ ብረት ሰልጣኞችና ለቤተሰቦቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ከተቀረጸው ድምፅ ላይ ገለበጥኩት። እንዳወራሁት ትቼዋለሁ።)

አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ በዚህ በደሴ ብርድ ጋቢ ደርባችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከሐይቅ የመጣችሁ አላችሁ። ከኮምቦልቻ ዳገቱን የወጣችሁ አላችሁ። ከባቲ የመጣችሁት ደግሞ ከሙቀት ወጥታችሁ ነውና ቡናው ቀድሞ ለእናንተ ይቀዳ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቢላ ነው። ቤታችሁ ጓሮ ውስጥ፣ በትንሽ ገንዘብ፣ የቀጥቃጭ ቤት አቋቁማችሁ በገዛ እጃችሁ ቢላ ስለ መሥራት። ቢላማ ገበያው ሞልቶታል፣ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ሞልቶታል። ግን እናቶች ይመስክሩልኝ፤ ያ አዲስ ቢላ ስንት ሽንኩርት ከከተፈ በኋላ ነው የሚደንዘው? ሳምንት ይቆያል? አይቆይም። ጥሩ ቢላ ግን ሞረድና ድንጋይ እያየ አንድ ቤት ውስጥ ልጅ ያሳድጋል።

አራት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ ስለ ቦታውና ስለ እሳቱ። ሁለተኛ ስለ እቃው። ሦስተኛ ስለ ብረቱ። አራተኛ ብረቱን ስለ ማጠንከርና ስለ ማለዘብ። አራተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ምክንያቱም ቢላ እና ቢላ የሚመስል ብረት የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሳልነግራችሁ ብቀጥል አይዋጥልኝም።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አያቴ የደነዘ ማጭድ አስይዛ ከገበያው ዳር ወዳለው ቀጥቃጭ ላከችኝ። ስትልከኝ ምን አለችኝ? «ዓይኑን አትየው። የሚሰጥህንም አትብላ።» አያቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ወሎ ናት፤ መንገደኛ በደጇ አልፎ ሳይበላ አይሄድም ነበር። ግን እንዲህ አለችኝ።

ሄድኩ። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጧል። ልጁ፣ እኔን የምታክል ሴት ልጅ፣ ሁለቱን የፍየል ቆዳ ወናፍ በየተራ ትጫናለች። አንዱ ሲሞላ አንዱ ይተነፍሳል። ማጭዱን ተቀበለኝና በአውራ ጣቱ ጀርባውን ዳሰሰው። ከዚያ «ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ። አያትህ ደህና ናቸው?» አለኝ። ፊቴን እንኳ ሳያይ በብረቱ ቤታችንን አወቀው! ዓይኑን አላየሁትም። አያቴ የነገረችኝን አደረግሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ ቤታችን መጣ፤ የማረሻ ሒሳብ ነበረው። ቡና ተፈልቷል። አያቴ ተነስታ ከመደርደሪያው ጥግ ጠርዟ የተሸረፈች ስኒ አወረደች። ለእሱ ብቻ የምትወርድ ስኒ ነበረች። እሱም ያውቃል። ጠጣና አመስግኖ ሄደ። ስኒዋ ለብቻዋ ታጠበች።

እስኪ ንገሩኝ። ክረምት ሊገባ ሲል አገሩ ሁሉ ማረሻ ይዞ የሚሰለፈው የማን ደጅ ነው? ሠርግ ሲመጣ በሬው የሚታረደው በማን ቢላ ነው? ታዲያ ይህን ሰው ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ያልነው ምን አድርጎን ነው? ምንም አላደረገን። ብረት አቀለጠ፣ እሳት ገራ፤ ያ ብቻ።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚሠራውን አትስደቡ የሚል። አዋጁ ወጣ። እኔ ልጅ እስክሆን ድረስ ግን ያቺ ስኒ ከመደርደሪያው ጥግ አልጠፋችም።

ከእኛ ከወሎ ደግሞ መቅደላን አስቡ። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መጥቶ መቅደላ ላይ ቀረ። ከ1860 ዓ.ም ጀምሮ እዚያው ነው። ክብደቱ ሰባት ቶን አካባቢ ይባላል። ብዙ ሰው ያን መድፍ ሲያይ ስለ ጎተቱት ያስባል። ስለ እቶኑ ሰዎች ስንቱ ያስባል?

ይህን የምነግራችሁ ጓሯችሁ ውስጥ ወናፍ ስታቆሙ ጎረቤት አንድ ነገር ሊል ስለሚችል ነው። ዛሬም የሚል አለ። ይበል። እናንተ እንዳታፍሩ። ነቢዩ ዳውድ ብረት እንደተገራላቸው ሸኾቻችን ይነግሩናል። ቄሶቻችን ደግሞ ብረት በመሥራት የታወቀውን ቱባልቃይንን ይነግሩናል። በሁለቱም በኩል ሙያው የተከበረ ነው።

እሺ። ወደ ሥራው።

አንደኛ፤ ቦታውና እሳቱ።

ቤት ውስጥ አይሆንም። ደግሜ እላለሁ፤ ቤት ውስጥ አይሆንም! ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል። ሦስት ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ይበቃችኋል። ክዳኑ ቆርቆሮ ይሁን፣ ከፍ ይበል፤ ሳር ክዳን አጠገብ እንዳታስቡት።

ዳሱ ግን ጥላ ያስፈልገዋል። ለምን? ቀለም ለማየት። የጋለ ብረት ፀሐይ ላይ ሲታይ ያልጋለ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ ግልጥ ሜዳ ላይ ነበር የምሠራው። ብረቱ ገና አልቀላም እያልኩ ስጨምርበት ስጨምርበት ብልጭታ እየተፋ ጫፉ ተቃጥሎ ወደቀ። የፀሐይ ብርሃን አታለለኝ። ያስተማረኝ ሽማግሌ ግን ከመጀመሪያውም ጎጆው ውስጥ በድንግዝግዝ የሚሠራው ለዚህ ነበር። እኛ ልጆች ሆነን ምን እንል ነበር? «ጨለማ ውስጥ የሚቀመጠው ቡዳ ስለሆነ ነው።» ዓይኑን ለብረቱ እያዘጋጀ ነበር እኮ!

ምድጃው ቀላል ነው። ከጋራዥ አንድ አሮጌ ቸርኬ ፈልጉ። ውስጡን ሸክላ አፈር፣ አሸዋና ጭድ አቡክታችሁ ወፈር አድርጋችሁ ለስኑት። ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ሳምንት ስጡት። በጎኑ የአየር ቱቦ አስገቡ። ቱቦው ነጭ ዚንክ የተቀባው የውሃ ቱቦ እንዳይሆን። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ እንደ ወባ አንቀጥቅጦ ያስተኛል። ዚንክ ያልተቀባ ጥቁር የብረት ቱቦ ተጠቀሙ።

አየሩስ? አንዳንዶች ፀጉር ማድረቂያ ይሰካሉ። ይሠራል። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ይሠራል። የእኔ ምክር ግን በእጅ ወናፍ ጀምሩ ነው። እጃችሁ ሲቆም አየሩ ይቆማል። ማሽኑ ግን እናንተ ዘወር ስትሉም ይነፋል፣ ብረታችሁን ይበላል። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት በእጃችሁ ንፉ። እሳቱ ምን ያህል አየር እንደሚፈልግ ክንዳችሁ ይማራል።

ከሰሉን የእንቁላል መጠን አድርጋችሁ ስበሩት። ድቃቂውን ለይታችሁ አስቀምጡት። የግራር ከሰል ካገኛችሁ ከባህር ዛፉ ይልቅ ይቆይላችኋል። አሁን ልብ በሉ። ብረቱን ከቱቦው አፍ ፊት ለፊት አታስቀምጡ። ከአፉ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ፍም ይኑር፣ ብረቱ ከዚያ በላይ ይተኛ። አየሩ ፍሙ ውስጥ ሲያልፍ ያልቃል፤ ብረቱ ጋ የሚደርሰው ሙቀቱ ብቻ ይሆናል። በቀጥታ አየር ያገኘው ብረት እንደ እንጀራ ቅርፊት እየተላጠ ያልቃል።

ስለ ጎረቤት ደግሞ። መዶሻ ይጮኻል። እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት ቡና አፍልቼ ጎረቤቶቼን መጥራት ነው። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደምሠራ ነገርኳቸው። አዛን ሲሰማ አቆማለሁ፣ እሑድ ጠዋት አልነካም፣ ሐዘን ካለ እስከ ሦስት ቀን መዶሻ አላነሳም አልኳቸው። እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልከሰሰኝም። ይልቅ ቢላ ይዘው የሚመጡት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛ፤ እቃ። እዚህ ላይ አልቆይም።

መስፍ ያስፈልጋችኋል፤ የጋለው ብረት ተቀምጦ የሚቀጠቀጥበት ማለቴ ነው። ፋብሪካ የሠራው መስፍ ውድ ነው፤ አትጨነቁ። የከባድ መኪና የአክስል ቁራጭ አቁማችሁ ወፍራም የባህር ዛፍ ጉቶ ውስጥ ቅበሩት። ቆማችሁ ጡጫችሁን ስትዘረጉት የጣታችሁ አንጓ ጋ ይድረስ፤ ቁመቱ ይኸው ነው። የሀዲድ ቁራጭም ጥሩ መስፍ ይሆናል። ግን ልለምናችሁ፤ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሀዲድ አትግዙ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ወልድያ የተዘረጋው ሀዲድ የእኛው ነው። የሚሸጥላችሁ ሰው ከየት አመጣኸው ሲባል ካልመለሰ፣ ተዉት።

አንድ ኪሎ አካባቢ የሆነ መዶሻ፣ አንድ ጉጠት፣ ሞረድ፣ ከተቻለ ብረቱን አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ። በቃ። ጉጠቱን ራሳችሁ ብትሠሩት ደግሞ የመጀመሪያ ትምህርታችሁ ይሆናል።

ልብሳችሁ ጥጥ ይሁን። ናይሎን ብልጭታ ሲያገኘው ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጫማ ቆዳ። መነጽር ሁልጊዜ። ነጠላ ጫማ አድርጎ እሳት ዳር የሚቆም ሰው ካየሁ ሥራ አቆማለሁ፤ ቀልድ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጆች ላሏችሁ። ብረት ሲቀላ ሁሉም ይፈራዋል። ሰው የሚያቃጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቀላው አይደለም፤ ጥቁሩ ነው። አራት መቶ ዲግሪ ላይ ያለ ብረት በቀን ብርሃን ጥቁር ነው፣ ቀዝቃዛ ይመስላል። ይህን መዳፌን እዩት። (እጄን አሳየሁ።) ይሄ ጠባሳ ከጥቁር ብረት ነው። ስለዚህ የሠራችሁትን ብረት ልጅ የማይደርስበት አንድ ቦታ ብቻ አስቀምጡ፣ እዚያ ያለ ብረት ሁሉ ትኩስ ነው ብላችሁ ቤተሰቡን አስለምዱ።

ሦስተኛ፤ ብረቱ።

አንድ ጎበዝ ልጅ በጣም የሚያምር ቢላ አሳየኝ። እጀታው ወይራ፣ ፊቱ እንደ መስታወት። ከምን ሠራኸው አልኩት። «ከፌሮ» አለኝ። ልቤ አዘነ። ስንት ቀን ለፍቶበታል! ፌሮ ቤት ይሸከማል እንጂ ስለት አይሸከምም። ለምን? ካርቦኑ ትንሽ ነው። ብረት ጋለና ድንገት ቀዘቀዘ ብሎ አይጠነክርም፤ በውስጡ በቂ ካርቦን ሊኖር ይገባል። ለቢላ ከመቶ ግማሽ እጅ ጀምሮ እስከ አንድ እጅ ድረስ ያለው ነው የሚፈለገው። ፌሮ ይህን አያሟላም።

የሚሆነው ምንድን ነው? ባሌስትራ! የመኪና ባሌስትራ። ከመቶ 0.6 አካባቢ ካርቦን አለው፣ ብዙ ጊዜም ትንሽ ክሮም አለበት። ጠንካራ ነው፣ አይሰበርም፣ ለጀማሪ ይቅር ባይ ነው። አሮጌ ሞረድም ይሆናል፤ ካርቦኑ ከአንድ እጅ ስለሚያልፍ ስለት ይይዛል፣ ግን በትንሽ ስህተት ይሰነጠቃል። በባሌስትራ ጀምሩ።

ግን የእኛን መንገድ ታውቁታላችሁ። ከደሴ ወልድያ የተመላለሰ አይሱዙ ባሌስትራው ስንት ጉድጓድ ይቆጥራል? ብረቱ ደክሞ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይኖረዋል። ስለዚህ ተሰብሮ ከተጣለው ይልቅ ሳይሰበር የተቀየረውን ለምኑ። ከመሥራታችሁ በፊትም በሽቦ ብሩሽ አጽዱና በደንብ ተመልከቱት።

ብረቱን ካላወቃችሁት ግራይንደር ላይ ነካ አድርጉት። ፌሮ ረጅም ቀጥ ያለ የብልጭታ ክር ያወጣል። ካርቦን ያለው ብረት ብልጭታው መሐል መንገድ ላይ እንደ ችቦ ፍንጣሪ ይበተናል። ሌላው ማረጋገጫ ደግሞ ይሄ ነው። የጣት ያህል ቁረጡ፣ አግሉት፣ ዘይት ውስጥ ንከሩት፣ ከዚያ ሞርሳ ላይ አስራችሁ ጨርቅ ሸፍናችሁ በመዶሻ ምቱት። ከተሰበረ ቢላ ይሆናል። ከታጠፈ ለሌላ ሥራ አድርጉት።

አሁን መቀጥቀጥ። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» እንላለን። እውነት ነው። ግን ምን ያህል ሲግል? እዚህ ላይ ተረቱ ዝም ይላል። እኔ ያስተማረኝ ሽማግሌ በወጥ ቤት ቀለም ነበር የሚነግረኝ። ብረቱ እንደ እርድ ቢጫ ሲሆን አውጣና ምታ። ብርቱካን ሲሆን ምታ። በርበሬ ሲመስል፣ ጠቆር ያለ በርበሬ ሲመስል፣ እጅህን ሰብስብ። ከዚያ በታች ብትመታው ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን የምታየው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ነጭ ሆኖ ብልጭታ ከተፋ ደግሞ ተቃጥሏል። የተቃጠለ ብረት አይመለስም፤ ቆርጦ መጣል ነው።

ስለቱ በሚወጣበት ጎን ስትቀጠቅጡ ያ ጎን ይሳሳል፣ ይረዝማል። ቢላው እንደ ሙዝ ወደ ጀርባው ይታጠፋል። አትደንግጡ። አስቀድማችሁ ወደ ሌላው ጎን ትንሽ አጉብጡት፤ ስትቀጠቅጡት ራሱ ይቃናል። ስለቱንም በእሳት ጊዜ አታሳሱት። የሳንቲም ውፍረት ይቅርለት። ቀጭን ስለት ዘይት ውስጥ ሲገባ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

አራተኛ። እንግዲህ ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

የመጀመሪያዬን ቢላ አሥራ አንድ ቀን ለፍቼበታለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ ሰርተፊኬት ይዤ ወጥቻለሁ። አውቃለሁ ብያለሁ። ቀላ አድርጌ አግዬ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ጭስስስ አለ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ድምፅ ናት። «ጥንን» የምትል፣ ስኒ ከስኒ ሲነካካ የሚሰማ ዓይነት። አወጣሁት። ከስለቱ እስከ ጀርባው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። አሥራ አንድ ቀን!

ያን ጊዜ ነው ወደዚያ ሰው የተመለስኩት። አያቴ ዓይኑን አትየው ወዳለችኝ ሰው። አርጅተዋል። ወናፍ የምትነፋው ልጃቸው አግብታ ሄዳለች። ቢላውን ሰጠኋቸው። እንደ ድሮው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «አባባ፣ ምን አጠፋሁ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ይሄ የመኪና ብረት ነው። የመኪና ብረት ውሃ ይጠላል። የአባቴ ዘመን ብረት ውሃ ይወዳል፤ ይሄኛው ዘይት ነው የሚወደው» አሉኝ።

መጽሐፍ አላነበቡም። ባሌስትራ ውስጥ ክሮም አለ ያላቸው የለም። ክሮም ያለበት ብረት ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝም ይጠነክራል፤ ውሃ ግን በጣም ስለሚፈጥንበት ይሰነጥቀዋል። እሳቸው ይህን ያወቁት ስንቱን ሰብረው፣ ስንቱን አልቅሰው ይሆን? እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ዓይናቸውን ለማየት ፈርቻለሁ። ያን ቀን ግን አየሁት። የእሳት ጭስ ያቀላው፣ ደግ ዓይን ነው።

እንግዲህ እሳቸው ያሳዩኝን፣ እኔም ኋላ በሥራ ያረጋገጥኩትን ልንገራችሁ።

ቀጥቅጣችሁ ስትጨርሱ ወዲያው አትንከሩት። ብረቱ በመዶሻ ተጨናንቋል። አግሉት፣ አውጡት፣ ነፋስ በሌለበት አየር ላይ ራሱ ይቀዝቅዝ። ይህን ሦስት ጊዜ አድርጉ። ሦስት ጊዜ! ጥቅሙን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ሁለት ቁራጭ ውሰዱ። አንዱን እንዲሁ አብዝታችሁ አግላችሁ ንከሩና ስበሩት። የተሰበረው ፊቱ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። ሌላውን ሦስት ጊዜ አሳርፋችሁ ንከሩና ስበሩት። ፊቱ እንደ ፍኖ ዱቄት ድቅቅ ያለ፣ ግራጫ ይሆናል። ስኳሩ ይሰበራል። ፍኖው ይችላል።

ከዚያ ለመንከር ታግሉታላችሁ። ምን ያህል? ማግኔት በሽቦ አንጠልጥሉ። ብረት 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ነካ ታደርጉታላችሁ፤ ይዞ ይጎትታል፣ ይጎትታል፣ ከዚያ በድንገት ዝም ይላል። ዝም ካለ በኋላ ትንሽ ጨምሩለት፣ ቅላቱ ትንሽ ደመቅ እስኪል። ሙቀቱ ከጫፍ እስከ እጀታ እኩል ይሁን። ከዚያ ዘይት ውስጥ፣ በስለቱ በኩል ቀጥ አድርጋችሁ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱት፤ ወደ ጎን ግን አታወዛውዙት፣ ይጣመማል።

ዘይቱ የምግብ ዘይት ይሁን። ሞቅ ይበል፤ ለገላ መታጠቢያ ከሚሞቅ ውሃ ትንሽ በለጥ ያለ። ቀዝቃዛ ዘይት ይወፍራል፣ ብረቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያቀዘቅዘው። ከጋራዥ የሚወጣውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተዉት፤ ጭሱ መርዝ ነው። ዕቃው ብረት ይሁን፣ ፕላስቲክ እንዳይሆን፣ ክዳን ይኑረው። ዘይቱ እሳት ይይዛል! የሚያዝም ጊዜ ይኖራል። ክዳኑን ግጠሙበት፣ አሸዋ አጠገባችሁ ይኑር። ውሃ እንዳትደፉበት፤ ዘይት ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን መርጨት ነው።

አወጣችሁት። አሁን ሞረድ ስለቱ ላይ አስኪዱ። ከነከሰው አልጠነከረም፤ መልሱት። እንደ ብርጭቆ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ደስ አላችሁ። ግን ቢላው አላለቀም። አሁን ያለው ብረት እንደ ብርጭቆ ጠንካራ ነው፣ እንደ ብርጭቆም ይሰበራል። መሬት ቢወድቅ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ በዚያው ቀን ማለዘብ አለባችሁ፤ አያድርም።

ምጣድ አምጡ። አዎ፣ የእንጀራ ምጣድ። አሮጌ ይሁን፤ የቤቱን ምጣድ ወስዳችሁ ከእናቶች ጋር እንዳታጣሉኝ። ንጹሕ አሸዋ ሙሉበት፣ ከስር ቀስ ያለ እሳት። የቢላውን ጎን በብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪሆን አሹት፣ አሸዋው ላይ አስቀምጡት። ጀርባው ትንሽ ወደ አሸዋው ይቀበር፣ ስለቱ ወደ ላይ ይሁን።

ከዚያ ተቀመጡና ተመልከቱ። ስልካችሁን አስቀምጡ። መጀመሪያ ምንም የለም። ነጭ ብረት ነው። ከዚያ ከጀርባው በኩል አንድ ነገር ይጀምራል፤ እንደ ትንፋሽ ነው፣ መኖሩን እንኳ ትጠራጠራላችሁ። ቀላል ቢጫ ነው። እየደመቀ ይሄዳል። ጠጅ ይመስላል። የጠጅ ቀለም ወደ ስለቱ እየተጓዘ ጀርባው ደግሞ ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ይዞራል። አንዱ ቀለም ሌላውን እየገፋ ይመጣል። የጠጁ ቀለም ስለቱ ጋ ሲደርስ አውጡት። ያ ከ200 እስከ 230 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለወጥ ቤት ቢላ ልኩ ይሄ ነው። ጀርባው ሰማያዊ ሆኗል፣ ለዝቧል፣ ይችላል። ስለቱ ጠንካራ ነው፣ ይይዛል። አንድ ብረት ሁለት ጠባይ።

ለገጀራ ግን የጠጁን ቀለም አሳልፉት። ወይን ጠጁ ቀለም ስለቱ ጋ ይድረስ። ገጀራ እንጨት ስለሚመታ ይበልጥ ልዝብ መሆን አለበት። የኤሌክትሪክ ኦቨን ያላችሁ ደግሞ 200 ዲግሪ ላይ አንድ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ አቆዩት። ይበቃል። እኔ ግን ምጣዱን እወደዋለሁ፤ ዓይን ያስተምራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ስለቱን በግራይንደር ስታወጡ በባዶ እጅ ያዙት፣ ጣታችሁን ሲያቃጥል ውሃ ውስጥ ንከሩት። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ካያችሁ ያ ቦታ ሞቷል፤ የለፋችሁበት ሁሉ በሁለት ሰከንድ ጠፋ ማለት ነው። ብዙ ጥሩ ቢላ የሚሞተው እዚህ ነው። እጀታው ወይራ ወይም ቀንድ፣ ሁለት የናስ ችንካር። ቀንድ ስትሞርዱ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ብናኙ አይረባም።

ስለ ገበያው አንድ ነገር ብቻ ልበል። አረፋ ሲደርስ፣ ፋሲካ ሲደርስ ቢላ ይፈለጋል። ለእርድ ቢላው ስለታም መሆን እንዳለበት፣ ከብቱ እንዳይሰቃይ፣ ሃይማኖታችን ያዘናል። ደነዝ ቢላ ሸጣችሁ የከብቱን ስቃይ ካረዘማችሁ ገንዘቡ ይቆረቁራችኋል። ደግሞ አንድ ቀን አንድ ሰው ይመጣና ጩቤ ሥራልኝ፣ ጎራዴ ሥራልኝ፣ እጥፍ እከፍላለሁ ይላችኋል። ይመጣል፤ እኔ ጋ መጥቷል። እኔ አልሠራሁም። አገራችን ያየችውን አይታለች። ለወጥ ቤት፣ ለእርሻ፣ ለእርድ የሚሆን እሠራለሁ፤ በሰው ላይ የሚነሳ አልሠራም። እናንተንም እንደ ወንድም እለምናችኋለሁ።

ያ ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት የሉም። ከመሞታቸው በፊት ቤቴ ጠርቻቸው ቡና ጠጥተዋል። ስኒዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ከረከቦቱ ላይ ራሳቸው ናቸው አንዷን ያነሱት። ወናፋቸውን ልጃቸው ሰጥታኛለች፤ ቆዳው አርጅቶ ስለተቀደደ አዲስ የፍየል ቆዳ አስገባሁበት፣ የሸክላ አፉ ግን የእሳቸው ነው።

ይኸው ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ። ውጭ ዳሱ ስር ከሰሉ ተቀጣጥሏል፣ አንድ ባሌስትራ ገብቶበታል። ሴት ልጆች ወናፉን ለመንፋት ቅድሚያ አላችሁ። አሁን እየወጣን። ነጠላ ጫማ ያደረጋችሁ ከገመዱ ወዲህ ቁሙ። መነጽር በሩ ላይ ካርቶኑ ውስጥ አለ፣ አንድ አንድ እየወሰዳችሁ።